ተማሪና መካሪ፤ የክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ታሪክ ከቀብሪበያ ሲታይ

መግቢያ

ከጅጅጋ ተነሥቶ ወደ ደጋሃቡር የሚያቀና መንገደኛ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ቀብሪበያ ይደርሳል። አገሩ ሜዳ፣ ዝናሙ ጥቂት፣ ሕዝቡም በአብዛኛው ከብት አርቢ በመሆኑ፣ የአካባቢው ኑሮ ዞሮ ዞሮ የሚመዘነው በውሃ ነው። ውሃውም የሚጠበቀው በሁለት ዓይነት ሥርዓት ነው። አንደኛው ቢርካ የሚባለው፣ ባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ አስቆፍሮ በሲሚንቶ ያስለሰነው ጉድጓድ ነው። ቢርካ የዝናሙን ጎርፍ አጠራቅሞ ያቆያል፤ በበጋ ጊዜ ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወይም ያለ ዋጋ ማንም አይቀዳበትም። ሁለተኛው የጋራ ኤላ ነው። ይህኛው ጎሣው በጉልበቱ የቆፈረው፣ ሁሉም በተራው ከብቱን የሚያጠጣበት፣ ደለል በሞላው ጊዜም ሁሉም ወርዶ የሚጠርገው ነው።

በኮምፒዩተር ዓለም ያለው የንብረት ክርክር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ የኮምፒዩተሩን አካላት የሚያዝና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ ተሸክሞ የሚያሠራ መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። አንዳንዱ እንደ ቢርካ የባለቤቱ ብቻ ነው፤ ምንጩ ተከድኖ፣ አገልግሎቱ በዋጋ ይሸጣል። አንዳንዱ ደግሞ ምንጩ ለማንም የተገለጠ፣ ማንም አንብቦት፣ አርሞትና አባዝቶት እንዲጠቀም የተፈቀደ ነው። ሊኑክስና ፍሪ ቢ.ኤስ.ዲ. የዚህ ሁለተኛው ወገን ናቸው። ነገር ግን የጋራ ጉድጓድ ጠራጊ ካላገኘ ይደፈናል። ጠራጊውም ሲያረጅ ወጣቱን ወደ ጉድጓዱ ይዞ ወርዶ ማሳየት ይኖርበታል። ስለዚህ የክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ታሪክ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የተማሪና የመካሪ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከተማሪ እጅ የወጣ ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጀመሩ። የላቦራቶሪው ባለቤት የነበረው የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 በተሰጠ የፍርድ ውሳኔ ከስልክ ሥራ ውጭ እንዳይነግድ ተከልክሎ ስለ ነበር፣ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ ሊሸጠው አልቻለም። በዚህም ምክንያት ለዩኒቨርሲቲዎች በጥቂት ዋጋ ከነምንጩ ሰጣቸው። ተማሪዎች አንድን እውነተኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከውስጡ ገልጠው ለማየት ሰፊ ዕድል ያገኙት በዚህ አጋጣሚ ነው።

ከተጠቀሙበት መምህራን መካከል በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ላየንስ የታወቀ ነው። እርሱም የዩኒክስን 6ኛ እትም ማዕከላዊ ክፍል፣ ከ10,000 መስመር የማይበልጠውን ምንጭ፣ ለተማሪዎቹ አሳትሞ መስመር በመስመር የሚያስረዳ ሐተታ ጻፈበት። ሐተታው እ.ኤ.አ. በ1977 ለተማሪ ታደለ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ግን ኩባንያው ለ7ኛው እትም ባወጣው ውል ምንጩ በክፍል ውስጥ እንዳይማሩበት ከለከለ። ከዚያ በኋላ የላየንስ ሐተታ በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ኖሮ፣ በመጽሐፍ መልክ በይፋ የታተመው በ1996 ነው። የተከደነ ምንጭ ለተማሪ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ክልከላው ሳይታሰብ ሌላ ፍሬ አፈራ። በአምስተርዳም የሚያስተምረው አንድሪው ታነንባም፣ ለተማሪዎቹ የሚያሳየው ምንጭ በማጣቱ ሚኒክስ የተባለ ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ራሱ ጽፎ በ1987 ከመማሪያ መጽሐፍ ጋር አወጣው። ይህንን መጽሐፍ ካነበቡት አንዱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ነበር። በ1991 ነሐሴ፣ በ21 ዓመቱ፣ ለትርፍ ጊዜው የሚሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዳለ ለሚኒክስ ተጠቃሚዎች አስታወቀ። በሚቀጥለው ወር የወጣው የመጀመሪያው ሊኑክስ ወደ 10,000 መስመር ነበር፤ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ሆኗል። በ1992ም ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 በጀመረው የግኑ ሥራ የተዘጋጀውን የፈቃድ ውል ወሰደ። ውሉ ማንም ሰው ምንጩን አሻሽሎ ቢያሠራጭ ማሻሻያውን ለሌላው እንዳይከድን ያስገድዳል።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። የበርክሌዩን ዩኒክስ በ1978 ያሠራጨው ቢል ጆይ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር፤ የፍሪ ቢ.ኤስ.ዲ. ሐረግም ወደዚያ ይመዘዛል። ደቢያን የተባለውን የሊኑክስ ስብስብ በ1993 የጀመረው ኢያን መርዶክ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ “ተማሪ ብቻውን ታላቅ ሥራ ሠራ” ማለት ግን ታሪኩን ማጣመም ይሆናል። ቶርቫልድስ የታነንባም መጽሐፍ፣ የዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር፣ ስሕተቱን የሚነግሩት አንባቢዎችም ነበሩት። ተማሪው ሥራ የሠራው መካሪ ባለበት ቦታ ነው።

ምክር በሥርዓት ሲደራጅ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምክሩ የተደራጀ አልነበረም። አዲስ ገቢ እርማቱን ይልካል፤ ነባሩ ይመረምረዋል፤ ይቀበላል ወይም ምክንያቱን ጽፎ ይመልሳል። ፍሪ ቢ.ኤስ.ዲ. ይህንን ልማድ ወደ ደንብ ለውጦታል። አንድ ሰው ወደ ዋናው ምንጭ የመጻፍ ሥልጣን ቢሰጠው እንኳ መካሪ ይመደብለታል፤ ከምክሩ እስኪሰናበት ድረስም ያለ መካሪው ፈቃድ አንዳች ለውጥ አያስገባም።

ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ ሰፊ መርሐ ግብር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ጉግል የተባለው ኩባንያ ተማሪዎች የክረምት ዕረፍታቸውን ክፍት ሶፍትዌር በማሻሻል እንዲያሳልፉ ገንዘብ መደበ። በመጀመሪያው ዓመት ከ400 በላይ ተማሪዎች በ40 ያህል ድርጅቶች ሥር ተመደቡ፤ ፍሪ ቢ.ኤስ.ዲ.ም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ለአንድ ተማሪ የተመደበው 5,000 ዶላር ሲሆን፣ 4,500ው ለተማሪው፣ 500ው ለመካሪው ድርጅት ይከፈል ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ100 በላይ ከሆኑ አገሮች የመጡ ከ20,000 በላይ ሰዎች አልፈውበታል። በ2022 ደግሞ ተማሪ ላልሆኑ ጀማሪዎችም ተከፍቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ሊሠሩለት የሚፈልጋቸውን ሥራዎች በዝርዝር ያወጣል። ተማሪው አንዱን መርጦ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ሳምንት እንደሚጨርስና እንዴት እንደሚፈተን ጽፎ ያቀርባል። መካሪዎቹ ይመርጣሉ። የተመረጠውም አስቀድሞ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ይተዋወቃል፤ ከዚያ በኋላ ወደ 12 ሳምንት ይሠራል። በመካከልና በመጨረሻ ይገመገማል። ከሥራው የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ግን የተጻፈው ፕሮግራም አይደለም። ተማሪው ሲሄድ ጠባቂ አጥቶ የሚቀር ፕሮግራም አለ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተመልሶ የሚመጣ፣ ውሎ አድሮም ራሱ መካሪ የሚሆን ሰው ከተገኘ ግን ዓላማው ደርሷል።

የመርሐ ግብሩ ጉድለት በሁለተኛው ዓመት ታየ። በ2006 ግኖም ለተባለው የክፍት ሶፍትዌር ድርጅት 181 ማመልከቻ ሲቀርብ አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችበትም። ግኖም በዚያው ክረምት ለሴቶች ብቻ የተለየ መርሐ ግብር ቢያወጣ ወደ 100 የሚጠጉ አመለከቱ፤ 6ቱም ተመረጡ። ይህ ሥራ በ2010 እንደገና ተጀምሮ፣ በ2013 የሊኑክስ ማዕከላዊ ክፍል ገብቶበት፣ በ2015 አውትሪቺ የሚለውን ስም ይዞ በሌሎች ወገኖች ዘንድ ለተገፉም ተስፋፍቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። በሩ ክፍት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ወደ በሩ የሚያደርሰው መንገድም መጠረግ አለበት። የቀረው ሰው ችሎታ ስላነሰው ሳይሆን፣ ና የሚለው ስላልነበረ ቀርቷል።

በኢትዮጵያ የቆየው ልምድ

መካሪነት ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም ተማሪ በየግሉ አያስጠኑም። ከፍ ያለው ተማሪ አስቀጻይ ሆኖ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታ የሚመጡት በመጨረሻ ሊያርሙና ሊያጸኑ ነው። በጅጅጋና በቀብሪበያ ባለው የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ በዱግሲም፣ ሕፃኑ በእንጨት ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ከመዓሊኑ በፊት የሚሰማው ቀድሞት የተማረው ልጅ ነው። ሁለቱ ልማዶች በሃይማኖት ቢለያዩም በአሠራር አንድ ናቸው። የሚያውቅ ያስተምራል፤ የሚያስተምርም በማስተማሩ ይበልጥ ያውቃል።

በዘመናዊው ትምህርትም ተማሪን ለጋራ ጥቅም የማሰማራት ታሪክ አለ። በ1957 ዓ.ም. የጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ደነገገ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ሠርተዋል። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ሶማልኛ አንዱ ሲሆን፣ በዘመቻው የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። ከድንበሩ ማዶ ሶማሊያ በ1972 እ.ኤ.አ. ለሶማልኛ የላቲን ፊደል መርጣ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተማሪዎቿን ወደ ዘላኑ ሕዝብ አዝምታ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በኢትዮጵያም ሶማልኛ በላቲን ፊደል የትምህርትና የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ሆነ። የእነዚህ ዘመቻዎች ጥንካሬ ብዛታቸው ነበር፤ ድክመታቸውም ከዚያው ይመነጫል። ዘማቹ ጊዜው ሲያበቃ ይመለሳል፤ ያስተማረውን ሰው በቀጣዩ ዓመት የሚጠይቀው አይኖርም።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በክፍት ሲስተም ውስጥ

ኮምፒዩተር የግእዝን ፊደል እንዲያውቅ የተደረገው ጥረት አብዛኛው ከአገር ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግእዝን ፊደል በተራ የላቲን ቁልፎች የሚጽፉበትን ሰራ የተባለ ሥርዓት አወጡ። በጃፓን የኤሌክትሮ ቴክኒክ ላቦራቶሪ ናኦቶ ታካሃሺ ይህንኑ ሥርዓት ይዞ የግእዝን አጻጻፍ ኢማክስ በተባለው የግኑ የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ አስገባ። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲም ብርሃኑ በየነ ከጀርመን ባልደረቦቹ ጋር ለሌቴክ የሕትመት ፕሮግራም የኢትዮጵያን ፊደል አዘጋጀ። በ1999 የግእዝ ፊደል ከ340 በላይ በሆኑ ምልክቶች በዩኒኮድ 3ኛ እትም ተመዘገበ።

ፊደሉ መመዝገቡ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የአንድን አገር ልማድ የሚያውቀው ለየቋንቋው በተጻፈ ዝርዝር ነው፤ የወራቱንና የዕለታቱን ስም፣ የገንዘቡን ምልክት፣ የፊደሉን ቅደም ተከተል ከዚያ ያነባል። በ2003 ዳንኤል ያዕቆብ ያቋቋመው፣ አድራሻው በአሜሪካ የሆነው የግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለሊኑክስ መሠረታዊ ቤተ ፕሮግራም የአማርኛን፣ የትግርኛን፣ የኦሮምኛን፣ የአፋርኛን፣ የሲዳምኛን፣ የወላይትኛንና የግእዝን ዝርዝሮች አቀረበ። ለሶማልኛም አራት አዘጋጀ፤ ለሶማሊያ፣ ለጂቡቲ፣ ለኬንያና ለኢትዮጵያ። በመሆኑም በጅጅጋ የሚገኝ አንድ የሊኑክስ ኮምፒዩተር “የኢትዮጵያ ሶማልኛ” የሚል ምርጫ ሊያቀርብ የቻለው በዚህ ሥራ ነው።

ዝርዝሮቹ ሲመረመሩ የሚያስደንቅ ነገር ይገኝባቸዋል። የአማርኛው ዝርዝር መጀመሪያ ሲጻፍ የወራቱን ስም መስከረም፣ ጥቅምት አላለም፤ ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ፣ ማርች ብሏል። ይህ የአማርኛ ዕውቀት ማነስ አይደለም። በሲስተሙ ሰንጠረዥ ለወር የተሰጠው ቦታ 12 ብቻ ነው፤ ጳጉሜን የምትገባበት 13ኛ ቦታ የለም። ቀኑን የሚቆጥረውም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 በመሆኑ፣ በሴፕቴምበር ቦታ መስከረም ብሎ መጻፍ ኮምፒዩተሩን ውሸት ማስነገር ይሆናል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ከሐሰተኛ አማርኛ እውነተኛ ባዕድ ቃል መረጡ። የሶማልኛው ዝርዝር በበኩሉ ወራቱን በቁጥር “ቢሻ ኮባድ”፣ “ቢሻ ላባድ”፣ ማለትም አንደኛው ወር፣ ሁለተኛው ወር፣ እያለ ጠራቸው። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነጳጉሜው የሚያሰላው አይ.ሲ.ዩ. የተባለው የፕሮግራሞች ስብስብ ሲሆን፣ እርሱም ከዚህ ሰንጠረዥ ውጭ የቆመ ሌላ ሥራ ነው።

ከቀን ሌላ የሰዓትም ጉዳይ አለ። ኢትዮጵያዊው ሰዓቱን የሚቆጥረው ከንጋት ነው፤ ሲስተሙ 7 ሰዓት ያለውን እርሱ 1 ሰዓት ይለዋል። እንዲህ ያለውን ጉድለት በሩቅ የሚኖር መሐንዲስ ላያየው ይችላል፤ የሚያየው በየቀኑ የሚሰናከልበት ሰው ነው። ለተማሪ የሚሰጥ ጥሩ ሥራም እንዲህ ያለው ነው። ወሰኑ የታወቀ፣ መጠኑ ትንሽ፣ መልሱ ግን በአገሩ ልጅ ዕውቀት የሚገኝ።

ለሕፃናት የተደረገ አንድ ሙከራም መጠቀስ አለበት። በ2008 “ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ” በተባለው ሥራ ጥቂት ሺህ ኮምፒዩተሮች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። ከቁልፎቻቸውም አንዱ ልጁ የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ምንጭ ገልጦ የሚያሳይ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ የላየንስ ሐሳብ ነው። ሆኖም ላየንስ ምንጩን ብቻ አልሰጠም፤ ሐተታ ጽፎ አጠገብ ቆሟል። ቁልፉ ምንጩን ያሳያል፤ የታየውን የሚያስረዳ ሰው ግን ከቁልፍ አይገኝም።

ነገሩ ከቀብሪበያ ሲታይ

ቀብሪበያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አላት። ከሶማሊያ መንግሥት መፍረስ በኋላ የስደተኞች ካምፕ የተቋቋመባት በ1991 እ.ኤ.አ.፣ ሊኑክስ በወጣበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት በካምፑ የተወለደ ልጅ ዛሬ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ካምፑና ከተማው ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ የሚመጣውን ውሃ ይጋራሉ፤ ቋንቋቸውም አንድ ነው። በ1999 ዓ.ም. የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ ለስደተኛው የመማርንና የመሥራትን መብት አስፍቷል። ስለዚህ ተማሪው አለ፤ ቋንቋው አለ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ50 ኪሎ ሜትር ርቀት ይገኛል።

የጎደለውም አለ። የክረምቱ መርሐ ግብር ያልተቋረጠ መስመርን፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍንና ከውጭ የሚላክ ክፍያ መቀበልን ይጠይቃል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሐምሌ የኢንተርኔት አገልግሎት በመላ ኢትዮጵያ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። ወሩ በዓለም ዙሪያ ተማሪዎች የ12 ሳምንቱን ሥራ የሚሠሩበት ነው። ሦስት ሳምንት ከ12ቱ ሩቡ መሆኑን ላሰበ ሰው፣ ተማሪው ያለ ጥፋቱ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀር ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ የአሠራሩ ጠባይ ራሱ መፍትሔ ይዟል። መርሐ ግብሩ በተጀመረበት በዚያው 2005 ቶርቫልድስ ጊት የተባለውን የምንጭ መጠበቂያ ፕሮግራም ሠራ። ጊት ምንጩን ከነሙሉ ታሪኩ በተማሪው ኮምፒዩተር ላይ ያኖራል፤ ማንበብ፣ ማረም፣ ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ያለ መስመር ይቻላል። የአንድ ጊዜ የሊኑክስ ማዕከላዊ ክፍል ምንጭ ታጥፎ 150 ሜጋ ባይት ያህል ነው፤ በፍላሽ ከጅጅጋ ወደ ቀብሪበያ ይወሰዳል። ተማሪው የሚልከው እርማት ደግሞ ጥቂት ኪሎ ባይት ነው፤ መስመሩ በተከፈተ ጊዜ በአንድ ደቂቃ ይሄዳል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሚያርሙት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በደብዳቤ መልክ የሚነጋገሩ በመሆናቸው፣ መልስ ከአንድ ሳምንት በኋላ ቢደርስ ሥራው አይፈርስም።

በመስመር ሊተካ የማይችለው መካሪው ነው። በሩቅ ያለው መካሪ የፕሮግራሙን ስሕተት ያርማል፤ የሶማልኛው ቃል ትክክል መሆኑን ግን አያውቅም። በቅርብ ያለው መምህር ቋንቋውን ያውቃል፤ የማኅበሩን ደንብ ግን ገና አልለመደም። ስለዚህ ሁለት መካሪ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከሥራው ባለቤቶች፣ አንዱ ከዩኒቨርሲቲው። በየዓመቱ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪ ተመርጦ አንዲት ትንሽ ሥራ፣ ለምሳሌ የሶማልኛውን ዝርዝር መመርመር፣ ቢሰጠውና በቀጣዩ ዓመት እርሱ ራሱ አስቀጻይ ቢሆን፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ የሚቆይ ሥርዓት ይሆናል።

መደምደሚያ

ከላይ የተገለጠው ታሪክ አንድ ነገር ያስረዳል። ክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያደገው ምንጩ ክፍት ስለ ነበረ ብቻ ሳይሆን፣ በየዘመኑ ምንጩን ከተማሪው ጋር ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ስለ ተገኘ ነው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎችም ወደዚህ ሲስተም የገቡት በጥቂት ሰዎች ትጋት ነው። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ሥራ የሚመሰገን ነው፤ ተተኪ ካላገኘ ግን ዝርዝሩ አንድ ጊዜ እንደ ተጻፈ ይቀራል፤ የቋንቋው ባለቤትም የራሱን የወር ስም ለማሳረም ከሩቅ ሰው ደጅ መጥናት ይኖርበታል።

የቀብሪበያ ሰው የጋራ ኤላ ሲጠረግ የሚታየውን ያውቃል። ሽማግሌው ከላይ ሆኖ ገመዱን ይይዛል፤ ወጣቱ ይወርዳል። ገመድ ያዡ ከሌለ የሚወርድ አይኖርም፤ የሚወርድ ከሌለም ገመዱ ከንቱ ነው። በዩኒቨርሲቲ ያለ መምህርም ሆነ በሙያው የሚሠራ መሐንዲስ በዓመት አንድ ክረምት አንድን ተማሪ በገመዱ ቢይዝ፣ ውሃው ለሁሉም ይበቃል።